ጋራዥ ይግባ ወይስ ኮሌጅ? ስለ መካኒክነት ሥልጠና የተባባልነው ሁሉ

ስለ ወንድሜ ሥልጠና ጠይቄ የከፈትኩት የውይይት ክር ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ቀድሞ የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ የተሰጡትን መልሶች ሁሉ በቁጥራቸው ተራ አንድ ላይ ላስቀምጣቸው። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም፤ በራሴ አፍ ነው የምነግራችሁ። መሀል መሀል ላይ የራሴን ጣል ካደረግኩ ቅር አይበላችሁ፤ የጥያቄው ባለቤት እኔ ነኝ።

የጠየቅኩት ይህን ነበር። ታናሽ ወንድሜ 12ኛን ተፈትኖ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣም። የሚያፍርበት ነገር የለም። በ2015 ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጁ መኪና ነፍሱ ነው። የምሠራባትን ቪትዝ ኮፋኖ ከፍቶ ካጎነበሰ ለምሳ እንኳ አይነሳም። አባታችን ጎፋ አካባቢ ጋራዥ ያለው ወዳጅ አለው። ነገ ይምጣ ብሏል። ደመወዝ የለም፣ ምሳ ግን አለ። እናታችን ደግሞ ወረቀት የሌለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ረዳት ሆኖ ይቀራል ባይ ናት፤ ኮሌጅ ይመዝገብ ነው የምትለው። እኔ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነኝ፤ መካኒክን የማውቀው ገንዘብ በመክፈል ነው። በዚያ ላይ ሌላ ሥጋት ነበረኝ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ልጁን የሚሞት ሙያ ልናስተምረው ይሆን?

ቁጥር 1 አጭርና ጨዋ ነበር። የአባቴን፣ የእናቴንና የእኔን ሐሳብ እንደሰማ፣ የልጁን ግን እንዳልሰማ ጠቆም አድርጎ አለፈ። ልጁን ጠየቅኩት፤ ሁለቱንም እፈልጋለሁ አለኝ። ለጠያቂ የሚረዳ መልስ አይደለም።

ቁጥር 2 አዛውንት መካኒክ ናቸው። በ14 ዓመታቸው ረዳት ሆነው ገብተው ዛሬ የራሳቸው ግቢ አላቸው። መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ነበር። ቀጥሎ መፍቻ ማቀበል። አለቃቸው የመፍቻውን ቁጥር አይናገርም ነበር፤ ከመኪናው ሥር ሆኖ እጁን ብቻ ይዘረጋል። የሚፈታውን ብሎን አይተህ 14 መሆኑን ማወቅ የአንተ ፈንታ ነው። 12 ያቀበለ ረዳት በዚያው በ12 ይኮረኮማል። ዓይን የሚሠለጥነው እንዲህ ነው ይላሉ። ከሁሉ የወደድኩት ግን የካቻቪቴውን ነገር ነው። ሞተሩ እየሠራ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ብረቱ ላይ ይደገፋል፣ እጀታው ጆሮ ላይ ይጣበቃል። ያለቀ ኩሽኔታ አንድ ድምፅ አለው፣ የላላ ቫልቭ ሌላ። አለቃቸው ጠዋት ጠዋት እያስደመጠ ይጠይቃቸው ነበር። ይህን የሚያስተምር ጥቁር ሰሌዳ አምጡልኝ ብለው ደመደሙ። ልጁ ነገ ጋራዥ ይግባ ነው ፍርዳቸው።

ቁጥር 3 ከተግባረ ዕድ የወጣ ልጅ ነው። ጋሼ እያለ፣ በአክብሮት፣ ግን ፊት ለፊት ተቃወማቸው። ለትብብር ሥልጠና የተላከበት ጋራዥ ያየውን ጻፈ። አንድ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተቀይሮ ሲመለስ፣ ሠራተኛው ብሎኖቹን እጁ እንደደረሰበት ከዳር ጀምሮ ያጠብቃል። ጉልበት ሲያንሰው መፍቻው ላይ ቱቦ ይሰካል። ልጁ ኮሌጅ የተማረው ከመሀል ተነስቶ ወደ ዳር በተራ እንደሚጠበቅ፣ አንዴ ሳይሆን በዙር በዙር እንደሚከር፣ መጨረሻውም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ በቶርክ ሬንች፣ እንደሚለካ ነው። ተናገረ፤ ሳቁበት። መኪናው ብዙም ሳይቆይ ውሃና ዘይቱ ተቀላቅሎ ተመለሰ። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ነበር። ስለዚህ ለምን እንደሚሠራ ያልተነገረው እጅ፣ የተሳሳተውንም በፍጥነት ይማረዋል ባይ ነው።

ይኸው ልጅ ግን የኮሌጁንም ጉድ አልደበቀም። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይሁን እንደሚባል፣ እሱ በነበረበት ክፍል ግን አንድ ሞተር ለብዙ ተማሪ ስለነበር ከኋላ የቆመው የጓደኛውን ጀርባ ሲያጠና እንደሚውል ጻፈ። ሞተሩም ካርቡራተር ያለው አሮጌ ነው። ኢንጀክሽን የነካው ጋራዥ ሄዶ ነው።

ቁጥር 4 ይህ ከኮሌጅ ኮሌጅ፣ እንዲያውም ከአሠልጣኝ አሠልጣኝ እንደሚለያይ አረመ። አዲስ አበባ ውስጥ ተግባረ ዕድ፣ እንጦጦ፣ ዊንጌት፣ ምሥራቅ ሁሉም የአውቶሞቲቭ ክፍል እንዳላቸው ጠቅሶ፣ በስም ከመምረጥ ሄዶ ወርክሾፑን ማየት ይሻላል አለ። ሲያዩም የግድግዳውን ሥዕል ሳይሆን ሞተሮቹ ላይ ትኩስ ዘይት መኖሩን ነው። ዘይት የሌለበት ወርክሾፕ ሙዚየም ነው አለ። ይህችን ይዣታለሁ።

ቁጥር 5 ለእናቴ መልስ የሰጠች ሴት ናት። በሙያ ብቃት ምዘና ውስጥ የምትሠራ ይመስለኛል፣ አልተናገረችም። ጋራዥ ያደገ ሰው ኮሌጅ ባይገባም ሲኦሲ መፈተን እንደሚችል፣ ፈተናው ጽሑፍም ተግባርም እንዳለው፣ ካለፈም በደረጃው የብቃት ማረጋገጫ እንደሚያገኝ አስረዳች። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። ስለዚህ ጋራዥ ማለት ያለ ወረቀት መቅረት፣ ኮሌጅ ማለት ወረቀት ብቻ ማለት አይደለም። ለእናቴ አነበብኩላት። ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

ቁጥር 6 ወረቀቱ በገንዘብ ይገኛል፣ ማንም አያከብረውም ብሎ በአንድ መስመር አበላሸው። ቁጥር 7 ላይ ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ጨዋነቱ ቀንሷል። ማስረጃ ካለው ለሚመለከተው እንዲያመለክት፣ ከሌለው ግን ሌሊት እያነበቡ ያለፉትን ልጆች ስም እንዳያጠፋ ነገረችው። እሱም ዝም አለ። እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው፦ ጋራዥ ስገባ ወረቀት ጠይቄ አላውቅም። ድርጅቶች፣ ኤምባሲዎችና ትልልቅ አስመጪዎች ግን ያለ ወረቀት በር አይከፍቱም። ልጁ የት መሥራት እንደሚፈልግ ነው ጥያቄው።

አሁን ቁጥር 8። ክሩን ሁሉ ባትፈልጉት እንኳ ይህን አንብቡት።

የጻፈችው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ሳሪስ አካባቢ። ክርክሩ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው የምትለው። ጋራዥም ኮሌጅም የሚያስተምሩት መፍታትና መግጠም ነው፤ መመርመር ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያስተምርም። ምሳሌዋ አንድ ኮሮላ ነው። የሞተር መብራቱ በርቷል፣ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ አንድ ቦታ ወስዶት የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ተሰካ። ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣ። ትርጉሙ ለነዳጁ አየሩ በዝቷል ነው። ሠራተኛው ኮዱን አይቶ የኦክስጅን ሴንሰር ይቀየር አለ። ሰውየው ሱማሌ ተራ ሄዶ ገዛ፣ ተቀየረ፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቱ ጠፋ። በሳምንቱ ተመልሶ በራ። ቀጥሎ ኢንጀክተር ይታጠብ ተባለ፤ ታጠበ። እንደገና በራ። የነዳጅ ፖምፓው ሊቀየር ሲል ነው እሷ ጋ የመጣው።

እሷ ስካነሩን ስትሰካ ኮዱን አይደለም ያየችው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራና ጋዝ ሲሰጠው ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚለዋወጡ ነው ያየችው። ቆሞ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ብዙ ነዳጅ ይጨምራል፤ ጋዝ ሲሰጠው ጭማሪው ይቀንሳል። ፖምፓው ቢደክም ኖሮ ጋዝ ሲሰጠው ይብስ ነበር። ስለዚህ አየር ከሆነ ቦታ ሾልኮ እየገባ ነው። ኮፋኖውን ከፈተች፣ የእጅ ባትሪ አበራች፣ ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በእጇ ጠመዘዘችው። እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። ሳይጠመዘዝ አይታይም። የአየር መለኪያው ሴንሰር ካለፈ በኋላ ስለሆነ በዚያ የሚገባውን አየር ኮምፒውተሩ አይቆጥረውም። ቱቦ ተቀየረ፣ አለቀ። ከዚያ በፊት የወጣው ገንዘብ ግን ከቱቦው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ኮዱ የሚነግርህ በሽታውን ሳይሆን ምልክቱን ነው አለች። ልጁ የትም ይግባ፣ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሥር ይሁን። እኔ ከዚህ የተሻለ ምክር ክሩ ላይ አላገኘሁም። ለሦስት ሴንሰር ከፍዬ መጨረሻ ላይ የተበጠሰ ሽቦ የተገኘብኝ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል።

ቁጥር 9 ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ ሥራውን የሠራው ባሏ ወይም ወንድሟ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሳቅ የሚያሳይ ምልክትም አክሎበታል። ቁጥር 10 ራሷ ናት። አጭር ነው። ደንበኛ በየቀኑ መካኒኩ የት ሄደ ብሎ እንደሚጠይቃት፣ እሷም ተቀመጥ ይመጣል ብላው ሥራውን ጨርሳ ሒሳቡን እንደምትቀበለው ጻፈች። ቁጥር 11ም ቁጥር 12ም በቁጥር 9 ላይ ወረዱበት። አንዳንዱ ስድብ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ይበለው።

ከዚያ ቁጥር 13 የፈራሁትን አመጣ። የኤሌክትሪክ መኪና ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሚታ የለው። ስለዚህ መካኒክነት ዛሬ መማር ሙት መሸከም ነው፤ ልጁ ኮምፒውተር ይማር አለ። በጣም እርግጠኛ ነበር።

ቁጥር 14 የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ቦታ የሚሠራ ልጅ ነው። መጀመሪያ አገሪቱ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ እንዳለ፣ አብዛኛው በነዳጅ እንደሚሠራና ስለተከለከለ ብቻ ነገ እንደማይጠፋ አስታወሰ። እንዲያውም አዲስ ስለማይገባ ያለው ይጠገናል እንጂ አይጣልም። ከዚያ ስለ ራሱ ሥራ ጻፈ። እሱ ጋ በብዛት የሚመጣው ሰው የሚፈራው ትልቁ ባትሪ አይደለም። አሞርዛተር፣ ቴስቲኒ፣ ጎሚኒ፣ ማለትም የመንገዱን ምት የሚችለው የእግር ዕቃ ነው። መኪናው ከባድ ነው፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው ደግሞ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነቃም፤ ባለቤቱ ሚሊዮኖች የከፈለበት ነገር ሞተ ብሎ ይደነግጣል።

አደጋውንም አልሸሸገም። ብርቱካናማ ሽቦ ያየ ሰው እጁን ይሰብስብ። ውስጡ 400 ቮልት ገደማ አለ፤ ሰው ይገድላል። እነሱ ሥራ ሲጀምሩ የ12 ቮልቱን ኔጋቲቭ ይነቅላሉ፣ ትልቁን ባትሪ የሚያላቅቀውን የአገልግሎት መቁረጫ ያወጣሉ፣ በውስጥ የተጠራቀመው እስኪወርድ አምራቹ የሚለውን ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ ከዚያም ዜሮ መሆኑን ሳይለኩ አይነኩም። እጃቸው ላይ 1000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት፣ ከላዩ የቆዳ ጓንት አለ። ጓንቱ ቀዳዳ እንዳለው በየጠዋቱ በአየር ነፍተው ያዩታል። ይህን በኩርኩምና በማየት ብቻ መማር አይቻልም፤ የመጀመሪያው ስህተት የመጨረሻው ነው። እዚህ ላይ የቁጥር 2 መንገድ ያበቃል ማለቱ ነው፣ በትህትና።

ቁጥር 15 አይዲ 6 የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ነው። ስክሪኑ ቻይንኛ ሆኖበት የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት እንዳቃተው ጠየቀ። ቁጥር 16 መለሰለት። ቁጥር 17 እሱም ያው ችግር እንዳለበት ጻፈ። ከርዕስ ወጥተው ትንሽ ሄዱ፤ እኔም ተውኳቸው። የሰው ችግር ነው።

ቁጥር 18 ላይ አዛውንቱ ተመለሱ፣ ግን ተቆጥተው። የዛሬ ልጅ ስካነር ከሌለው እጁ የተቆረጠ ነው፣ የወረቀት መካኒክ ነው አሉ። እሳቸው በዚህ ሁሉ ዘመን የሞቀ መኪና ሲመጣላቸው ተርሞስታቱን (የውሃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን) ነቅለው ይጥላሉ፤ ዳግም አይሞቅም። ተርሞስታት ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው፤ እዚህ ምን ያደርጋል?

ቁጥር 19 መምህር ይመስላል። አዛውንቱ በሙያው ስላሳለፏቸው ዘመናት አክብሮቱን ገልጾ፣ ከዚያ ግን ነጥብ በነጥብ ሄደባቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ክፍት ድስት ላይ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ እንጂ 100 ላይ አይደለም። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ የሞቀ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላላ ክዳን፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይዞር ፋን፣ የደከመ የውሃ ፖምፓ ነው። ተርሞስታቱ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ በአዲስ ይቀየራል። መንቀል ግን ሞተሩን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ያደርገዋል። በድሮው ካርቡራተር ጉዳቱ ብዙም አይታይም ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፤ ባለታክሲው ቤንዚን በዛብኝ እያለ ያለቅሳል። በዚያውም ሌላ ነገር ጨመረ። ተማሪዎቹ የአየር ግፊት ሴንሰር ሲለኩ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሚያነብ ተበላሽቷል ብለው ሊቀይሩ ይነሳሉ፤ መጽሐፉ 101 ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ አዲስ አበባን ነው ያነበበው።

እኔ ተርሞስታት ይኑረኝ አይኑረኝ በማግስቱ አስከፈትኩ። የለኝም።

ቁጥር 20 የአዛውንቱ ናት፣ ሁለት ቃል። ተማርን እንግዲህ። ምር ይሁን ነገር ይሁን አልገባኝም። ቁጥር 21 አስታራቂ ሽማግሌ ሆኖ ገባ፤ ጋሼ ያሉት የጆሮ ትምህርትና መምህሩ ያለው የቁጥር ትምህርት አንድ ልጅ ላይ ቢገናኝ ምን ነበረበት ብሎ አለፈ።

ከዚህ በኋላ ውጭ አገር ያሉት ገቡ። ቁጥር 22 ቨርጂኒያ የሚሠራ ነው። አሌክሳንድሪያ ባለው የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ካምፓስ አውቶሞቲቭ ተምሮ ሱቅ ገባ። እዚያ ሰው ሳያስጠነቅቀው የገባበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው አከፋፈሉ ነው። ብዙ ቦታ የሚከፈለው በቆየህበት ሰዓት ሳይሆን መጽሐፉ ለሥራው በመደበው ሰዓት ነው። የ3 ሰዓት ሥራ በ2 ከጨረስክ አተረፍክ፤ ዝጎ አልፈታ ያለ ብሎን ገጥሞህ 6 ከፈጀብህ የ3 ትከፈላለህ። መኪና ካልመጣ ቆመህ ትውላለህ። ሁለተኛው መሣሪያ ነው። መፍቻህን ራስህ ነህ የምትገዛው። የመሣሪያ መኪና በየሳምንቱ በሩ ላይ ይቆማል፣ በዱቤ ይሰጣል፤ ጀማሪው ደመወዙን ሳያይ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ኤኤስኢ የሚባለው የመንግሥት ፈቃድ ካለህ ግን ይሻላል አለ።

ቁጥር 23 እዚህ ላይ አረመው። ኤኤስኢ መንግሥት አይደለም፤ ለትርፍ ያልተቆመ ተቋም ነው፣ በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው። ፈተናውን ከማለፍ ሌላ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልግሃል፤ ትምህርት ከፊሉን ይተካል። ማስተር ለመባል ከኤ1 እስከ ኤ8 ያሉትን 8 ፈተናዎች ማለፍ ነው፤ በ5 ዓመት ይታደሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና መርምሮ ስቲከር ለመለጠፍ ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሚፈቅደው የስቴቱ ፖሊስ ነው። ሁለቱ ትንሽ ተነካኩ፤ አንዱ ሌላውን ኢንተርኔት ላይ የተማረ መካኒክ አለው። ከዚያ አንድ ከተማ እንደሚኖሩ ሲያውቁ ቡና ተቀጣጠሩ።

ቁጥር 24 ጀርመን ነው። የመኪና ሜካትሮኒክስ (የመካኒክና የኤሌክትሪክ ሥራ አንድ ላይ) ሥልጠና እዚያ 3 ዓመት ተኩል እንደሆነ ጻፈ። ጋራዥና ትምህርት ቤት አንድ ላይ ናቸው፤ ሠልጣኙ እየተማረ ይከፈለዋል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሚያተኩር መስመርም አለው። ቋንቋ ግን ከባድ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው በጀርመንኛ ነው። እዚህ የምንጨቃጨቅበት ጋራዥ ወይስ ኮሌጅ እዚያ ጥያቄ እንኳ አይደለም። ቅናት ቢጤ ያዘኝ።

ቁጥር 25 ሻርጃ ኢንዱስትሪ አካባቢ ያለ ልጅ ነው። የመኪና አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ሠራተኛ ሆኖ የሚነካው ኤሲ ብቻ ነው። ኮምፕረሰር፣ ጋዝ፣ ኮንደንሰር፤ ሌላ ሰው ፍሬን፣ ሌላ ሰው ማርሽ። እጁ በአንድ ነገር በጣም ፈጥኗል፣ ሌላውን ግን እየረሳ ነው። ሁሉን የነካ ሆኖ ለመምጣት አገር ቤት ይማር ብሎ መከረ።

ቁጥር 26 ባለጋራዥ ነው። ከሁሉም የበለጠ ለአባቴ የጠቀመው እሱ ነው። ልጅ ጋራዥ ከመስጠታችሁ በፊት ግቢውን ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ እዩ አለ። ረዳቶቹ ምን ያደርጋሉ? መኪና ማጠብ፣ ሲጋራ መግዛት፣ የባለቤቱን ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት ብቻ ከሆነ ልጁ ሠልጣኝ ሳይሆን ተላላኪ ነው የሚሆነው። መኪና ሥር ሲገቡ በክሪክ ብቻ ነው የሚገቡት ወይስ ከሥሩ የብረት ስታንድ ይቆማል? ክሪክ ዘይቱን ከጣለ መኪናው ሰው ላይ ይወርዳል፤ ድንጋይና ጣውላ ደርድሮ የሚገባበት ግቢ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የተበላሸ ሥራ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ አለቃው ይሰድባል ወይስ ያሳያል? የራሱ ጋራዥ የት እንደሆነ አልተናገረም፤ ብዙ ሰው ጠይቆታል።

አባቴ ጎፋ ሄዶ ተቀመጠ። ስታንድ የለም። ሁለት ጣውላና አንድ ድንጋይ አለ። ወዳጅነቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ልጁ እዚያ አይገባም። ወንድሜ ኮሌጅ ሊመዘገብ ነው፤ ቅዳሜና ከትምህርት ውጭ ባለው ጊዜ ደግሞ ሳሪስ፣ ከቁጥር 8 ጋር። በመልእክት ለመንኳት። መጀመሪያ የመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አያያዝ ትለማመዳለህ፣ መፍቻ በኋላ ነው ብላዋለች። ደሞዝ አልተነሳም፤ ምሳውን ከቤት ይዞ ይሄዳል።

አሁን የቀረው መሣሪያ ነው። ቁጥር 27 ለጀማሪ ከ8 እስከ 19 ያለው የመፍቻ ስብስብ፣ ጥሩ መልቲሜትር፣ ባትሪ መብራትና ወፍራም ጫማ ይበቃዋል ይላል። ቁጥር 28 ቶርክ ሬንች ሳይኖረው ቴስታታ እንዳይነካ አጥብቆ ይከራከራል። ቁጥር 29 ለቪትዝ 20 ደብሊው 50 ዘይት ይሻላል ብሎ አዲስ ጦርነት ከፍቷል። የዘይቱን እባካችሁ ሌላ ክር ላይ አድርጉት። ያገለገለ ግን ያልተሰበረ መልቲሜትር የሚሸጥ ካለ ዋጋውን እዚህ ይጻፍልኝ።